ጥቁር ስንት ነው?

«ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ» የሚለው አጠራር አሳሳች ነው። የሰማው ሰው በወረቀቱ ላይ ሁለት ቀለም ብቻ ያለ ይመስለዋል። አንድ ደኅና አሮጌ ፎቶግራፍ ወደ መስኮት አስጠግቶ ያስተዋለ ግን እውነተኛው ጥቁር በዓይን ብሌንና በጥላ ማዕዘን፣ እውነተኛው ነጭ ደግሞ ምናልባት በነጠላ ጫፍ ላይ ጥቂት ጥቂት ብቻ እንደሆነ፣ የቀረው ሁሉ በሁለቱ መካከል የተዘረጋ ግራጫ መሆኑን ያያል። ግንባር ግራጫ ነው፤ እጅ ግራጫ ነው፤ ከኋላ የተሰቀለው መጋረጃም ግራጫ ነው። የሥዕሉ ሕይወት ያለው በሁለቱ ዳርቻዎች መካከል ነው።

ይኸው ቋንቋችን ስለ ሰው መልክ ሲናገር ግን እንዴት ጠንቃቃ ነው! ጥቁር፣ ጠይም፣ ቀይ ዳማ፣ ቀይ እንላለን። ጠይሙን ሰው ጥቁር ያለብን ካለ እናርመዋለን። ጠይም የት ላይ አብቅቶ ቀይ ዳማ የት ላይ እንደሚጀምር መስመር አስምሮ ያሳየን የለም፤ ነገር ግን በገበያ መካከል፣ ከሩቅ፣ በጥላ ውስጥ እንኳ ለይተን እናውቃለን። እንግዲህ የዛሬው ጨዋታዬ ይህ ነው፦ ይህን የመልክ እርከን ለማያውቅ መሣሪያ፣ ቀለም በወረቀት ላይ እየረጨ ሥዕል ለሚያወጣ ፕሪንተር፣ ጠይምን ከጥቁር እንዲለይ እንዴት ያስተምሩታል? የትኛውን ቀለም፣ የትኛውን ፕሪንተር መርጠው?

ጥያቄው ለእኔ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ሆኖ አልመጣም። እናታችን በ1964 ዓ.ም. ፎቶግራፍ ቤት ገብታ የተነሣችው አንድ ፎቶግራፍ አለን። ሌላ የወጣትነት ፎቶግራፍ የላትም። ኔጋቲቩ የለም፤ ያነሣት ፎቶግራፍ ቤትም ከተዘጋ ዘመን የለውም። የቀረው ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይሰፋ፣ አንድ ማዕዘኑ የታጠፈ ወረቀት ብቻ ነው። እኛ ልጆቿ ስድስት ነን፤ ኑሮ በአራት አገር በትኖናል። እሷ ካረፈች ወዲህ ያ ወረቀት የሁላችንም ምኞት ሆነ። ርስት ተካፍለው የሚጣሉ ወንድማማቾች አሉ፤ እኛ የምንጣላበት ርስት አልነበረንም። የምንካፈለው ይህንኑ ፎቶግራፍ ነበር።

በሥዕሉ ላይ እናቴ ቆማለች። ነጭ ነጠላ ለብሳለች፤ ከነጠላው ሥር ያለው ቀሚስ ጥቁር ይመስላል። ፀጉሯ ሹሩባ ነው። መልኳ ጠይም ነው። ከአገጯ ሥር ጀምሮ በአንገቷ ዙሪያ ንቅሳት ይዞራል። ብርሃኑ ከግራ ስለመጣ የአንገቷ ቀኝ ወገን ጥላ ውስጥ ገብቷል፤ ንቅሳቱም ተከትሎ ወደ ጥላው ይገባል። ጠይም አንገት፣ በላዩ ጥላ፣ በጥላው ውስጥ ደግሞ የንቅሳት ረድፍ። ፎቶግራፍ አንሺው ብልህ ሰው ነበርና ሦስቱም በዚያ ትንሽ ወረቀት ላይ ተለይተው ይታያሉ።

ከዓመታት በፊት አንድ ፎቶግራፍ ቤት ይህን ሥዕል አስፍቶ ገለበጠልንና ዋሽንግተን ለምትኖረው ታላቅ እኅቴ ተላከላት። በስልክ ያለችኝን አልረሳውም። «አንተ ልጅ፣ ሥዕሉስ ያምራል፤ ግን እናቴ አይደለችም። ንቅሳቷን የት አደረጋችሁት?» አለችኝ። እውነትም አንገቷ ከአገጯ እስከ ጥልፉ ድረስ አንድ ወጥ ጥቁር ሆኖ ነበር። ይህ ብቻ አይደለም። «ቀን በመስኮት ብርሃን አረንጓዴ ትመስላለች፤ ማታ መብራት ሲበራ ቀይ ትሆናለች» አለች። በአራተኛው ዓመት ደግሞ ግራጫው ሁሉ ወደ ብርቱካንማ እየወየበ መሄዱን ነገረችኝ። ሦስቱም ቅሬታዎች ስለ ቀለም ነበሩ፤ ሦስቱም የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። ምክንያቶቹን ሳሳድድ ብዙ ዓመት ቆየሁ።

* * *

ቀለም የሚረጭ ፕሪንተር ግራጫ የሚባል ነገር በተፈጥሮው አያውቅም። የሚያውቀው ጠብታ መጣልን ወይም አለመጣልን ነው። ጠብታዋ እጅግ ጥቃቅን ናት፤ የምትለካው በፒኮሊትር፣ ማለትም በሊትር ትሪሊዮንኛ እጅ ነው፤ የደኅና ፕሪንተር ጠብታ ከጥቂት ፒኮሊትር አይበልጥም። አንድ ጥቁር ብቻ ያለው ፕሪንተር ግራጫ ሲጠየቅ ጥቁሮቹን ጠብታዎች አራርቆ ይበትናል፤ በመካከላቸው የሚታየው ነጭ ወረቀት ከጥቁሩ ጋር በዓይናችን ውስጥ ተደባልቆ ግራጫ ይሆናል። በጥላው አካባቢ ይህ ዘዴ ይሠራል። ወደ ብርሃኑ ሲመጣ ግን ያሳፍራል። በነጠላዋ እጥፋት ላይ ስስ ግራጫ መሆን የነበረበት ቦታ በነጭ ጨርቅ ላይ ጥቁር ጤፍ የተበተነ ይመስላል። ይህን ነጠብጣብ እንደ ድሮው ፊልም ሻካራነት ቆጥረው የሚወዱት፣ ሆነ ብለው በጥቁሩ ብቻ የሚያትሙ ሰዎች አሉ፤ ለመንገድና ለገበያ ሥዕል መልካም ነው። ለእናት ነጠላ ግን ልቤ አልፈቀደም።

ሁለተኛው ዘዴ ግራጫን ከባለ ቀለም ቀለሞች ማውጣት ነው። ሰማያዊ፣ ሐምራዊና ቢጫ በልክ ሲደባለቁ ግራጫ ይወጣል። ነጠብጣቡ ይጠፋል፤ ልስላሴው ያስደስታል። ነገር ግን ይህ ግራጫ ሦስት ሰዎች እንደተሸከሙት ቃሬዛ ነው፤ አንዱ ትከሻውን ዝቅ ካደረገ ሁሉም ያዘነብላል። ብርሃን ሲለወጥ ደግሞ ሦስቱ እኩል አይለወጡም። ሽሮ ሜዳ ጥልፍ ልትገዛ የገባች ሴት ቀሚሱን ይዛ ወደ ደጅ የምትወጣው ለምንድን ነው? በሱቁ መብራት ሥር አንድ የመሰሉ ሁለት ክሮች በፀሐይ ሲታዩ እንደሚለያዩ ስለምታውቅ ነው። የእኅቴ ሥዕል ቀን አረንጓዴ፣ ማታ ቀይ የሆነባት በዚሁ ምክንያት ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ገበያ ላይ የወጡት ፕሪንተሮች በጥቁርና ነጭ ሥራ ላይ በብዙ ቦታ የተወቀሱበት ነውርም ይኸው ነው።

ሦስተኛው ዘዴ ብዙ ጥቁር መያዝ ነው። ይህን ለማስረዳት ከቡና ሥርዓታችን የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ጀበናው አንድ ነው፤ ቡናውም አንድ ነው። መጀመሪያ አቦል ይቀዳል፤ ውኃ ተጨምሮበት ቶና ይሆናል፤ እንደገና ተጨምሮበት በረካ ይሆናል። የበረካ ቡና በነጭ ስኒ ውስጥ ስስ ነው፤ የአቦልን ያህል ዓይን አይሞላም። ፕሪንተሩም እንደዚሁ አንዱን ጥቁር በሦስት እርከን ቀጥኖ ከያዘ፣ ለስስ ግራጫ ጥቁሩን አራርቆ መበተን አያስፈልገውም፤ በረካውን አጠጋግቶ ይቀዳዋል። ጤፉ ከነጠላው ላይ ይለቀማል። የባለ ቀለሞቹም እገዛ እጅግ ስለሚቀንስ ቃሬዛው በብርሃን ለውጥ አያዘነብልም።

* * *

ይህ ሐሳብ በፋብሪካ ቤት አልተወለደም። ሥዕላቸውን ለማተም የተቸገሩ ሰዎች ያመጡት ነው። ግራሃም ናሽ የሚባለው፣ ከክሮዝቢ፣ ስቲልስና ናሽ የሙዚቃ ጓድ አንዱ የሆነው ድምፃዊ፣ ፎቶግራፍ አንሺም ነበር። የጥቁርና ነጭ ሥዕሎቹን ከኮምፒዩተር በክብር ለማተም የሚሆን መሣሪያ ቢያጣ ለማተሚያ ቤቶች የናሙና ማውጫ ተብሎ የተሠራውን አይሪስ 3047 የተባለ ግዙፍ ፕሪንተር ገዛ፤ ዋጋው 126,000 ዶላር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 በካሊፎርኒያ ማንሃተን ቢች ናሽ ኤዲሽንስ የተባለውን የማተሚያ ስቱዲዮ ከማክ ሆልበርት ጋር ከፈተ። ያ ፕሪንተር ዛሬ በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ሙዚየም የተቀመጠ ቅርስ ነው። ይሁንና የመጀመሪያዎቹ የአይሪስ ቀለሞች ቶሎ የሚለቁ ነበሩ፤ ውበቱ ነበረ፣ ዕድሜው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በቬርሞንት የሚኖረው የሕትመት ባለሙያ ጆን ኮን ሌላ ነገር አሰበ። ቀለማትን የሚያትም ተራ የጠረጴዛ ፕሪንተር ወስዶ ባለ ቀለም ቀለሞቹን አውጥቶ በየጉድጓዳቸው በተለያየ መጠን የቀጠነ ጥቁር ሞላባቸው። ፒዬዞግራፊ ብሎ የጠራው ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መባቻ ለገበያ ቀረበ፤ በአራት እርከን ጀምሮ በኋላ ሰባት ደረሰ። አንድ ፕሪንተር፣ ሰባት ጥቁር፣ ሌላ ቀለም የለም። ሮይ ሃሪንግተን የሚባል ሌላ ሰው ደግሞ ኳድ ቶን ሪፕ የተባለውን ፕሮግራም ጽፎ በ50 ዶላር ለማንም አቀረበው። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ጥቁር የት ላይ ጀምሮ የት ላይ እንደሚያበቃ በእጅ ለማዘዝ ያስችላል። ፋብሪካዎቹም ይህን አዩ። ኤፕሰን እ.ኤ.አ. በ2005 አር 2400 የተባለውን ፕሪንተር ኬ 3 ከተባለ ቀለም ጋር ሲያወጣ በውስጡ ሦስት ጥቁር ነበረ፤ ጥቁር፣ ቀላል ጥቁርና እጅግ ቀላል ጥቁር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ማለት ነው። ለጥቁርና ነጭ ሥዕል ብቻ የሚያገለግል የማተሚያ ስልትም አብሮት መጣ። ከዚያ ወዲህ ለፎቶግራፍ ተብሎ የሚሸጥ ደኅና ፕሪንተር አብዛኛው፣ የካኖንም ይሁን የኤፕሰን፣ ከአንድ በላይ ጥቁርና ግራጫ ይይዛል።

* * *

የእኅቴ ሦስተኛ ቅሬታ፣ የመወየቡ ነገር፣ የሌላ ወገን ጉዳይ ነው። የፕሪንተር ቀለም በሁለት ዘር ይከፈላል። አንዱ ሟሚ ነው፤ ስኳር በሻይ ውስጥ እንደሚጠፋ በፈሳሹ ውስጥ ይጠፋል። ሌላው ፒግመንት ነው፤ በፈሳሹ ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ዱቄት ነው፤ እንደ ቡና አተላ በጊዜ ብዛት ወደ ታች ሊዘቅጥ ይችላል። ሟሚው ቀለም ደማቅና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ሞለኪዩሎቹ በወረቀቱ ውስጥ አንድ በአንድ ተበታትነው ስለሚቀመጡ ፀሐይና አየር በቀላሉ ያገኟቸዋል። በተለይ ቶሎ እንዲደርቁ ተብለው በጥቃቅን ቀዳዳዎች በተሞሉ አንጸባራቂ ወረቀቶች ላይ ሲያርፍ፣ በአየር ውስጥ ያለ ኦዞን ሰማያዊውን ቀድሞ ይበላዋል። ሰማያዊው ከሄደ የቀረው ብርቱካንማ ነው። የፒግመንት ቅንጣት ግን ብዙ ሞለኪዩል በአንድነት የታጨቀባት ናት፤ ላይኛው ቢቃጠል ውስጠኛው ይቀራል።

ከፒግመንትም ሁሉ ጽኑው ካርቦን፣ በእኛ አነጋገር ጥቀርሻ ነው። እዚህ ላይ ስደርስ ከሩቅ አገር የተማርኩት ነገር በደጃችን እንደነበረ ገባኝ። የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁር ቀለም ከምን ይሠራል? ከድስትና ከምጣድ ሥር የተፋቀ ጥቀርሻ፣ ያረረ እህል ተፈጭቶ፣ ከውኃና ከሙጫ ጋር ተለውሶ፣ ለወራት ተቀምጦ ይብላላል። ከዚያ በቀንድ ተቀድቶ በመቃ ብርዕ ይጻፋል። ከ500 ዓመት በፊት በዚህ ቀለም የተጻፉ ብራናዎች ዛሬም ይነበባሉ። ብርሃን ጥቀርሻን ምን ያደርገዋል? እሳት የጨረሰውን ፀሐይ አይጨርሰውም።

ፕሪንተር ፋብሪካዎች ስለ ቀለማቸው ዕድሜ ሲናገሩ ትልልቅ ቁጥር ይጠራሉ። ኤፕሰን ለአንዳንድ ቀለሞቹ ጥቁርና ነጭ ሥዕል እስከ 400 ዓመት እንደሚቆይ ተናግሯል። ይህ ቁጥር የሚገኘው ሥዕሉን በጠንካራ መብራት ሥር ለወራት አስቀምጦ የለቀቀውን ቀለም ለክቶ በማስላት ነው፤ ከሙያው ቀደምት ሰዎች አንዱ ሄንሪ ዊልሄልም ነው፤ ስለ ባለ ቀለም ፎቶግራፎች ዕድሜና አያያዝ የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1993 ታትሟል። ስሌቱን አልንቅም። ነገር ግን ስሌት ስሌት ነው፤ ብራና ምስክር ነው።

ጥቀርሻ አንድ ጠባይ አለው። ሲወፍር ድፍን ጥቁር ይመስላል፤ ሲቀጥን ግን ቡናማ ይሆናል። ንጹሕ ካርቦን ብቻ በያዘ ቀለም የታተመ ሥዕል ስስ ቦታው ሁሉ እንደ ቆየ መጽሐፍ ገጽ ሞቅ ያለ ነው። ይህን የማይወዱ ሰዎች ጥቂት ሰማያዊና ሐምራዊ ፒግመንት ጨምረውበት ቀዝቃዛ ያደርጉታል፤ የፋብሪካ ግራጫዎችም በአብዛኛው እንዲህ የተስተካከሉ ናቸው። የሚያሳስበው፣ ከዓመታት በኋላ ቀድሞ የሚለቀው ያ የተጨመረው መሆኑ ነው፤ ካርቦኑ ብቻውን ሲቀር ሥዕሉ ወደ ቡናማነቱ ይመለሳል። ስለዚህ ምርጫው የመልክ ብቻ አይደለም። ዛሬ ቡናማ የሆነ ነገ ያው ነው፤ ዛሬ ቀዝቃዛ የሆነ ግን ቀስ በቀስ የተበደረውን ይመልሳል። የእናቴ ፎቶግራፍ ከመጀመሪያው ሞቅ ያለ ነበረና ይህ ለእኔ የሚያጨቃጭቅ አልሆነም።

* * *

ቀለም ያለ ወረቀት አይመረጥም። ፒግመንት ለሚጠቀሙ ፕሪንተሮች ሁለት ዋና ጥቁር አለ፤ አንዱ ለማያብረቀርቅ ወረቀት፣ አንዱ ለሚያብረቀርቅ። የመጀመሪያው በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ በጣት ይለቃል፤ ሁለተኛው በማያብረቀርቀው ላይ ጥቁር መሆኑ ቀርቶ አመድ ይመስላል። በአሮጌዎቹ ፕሪንተሮች ሁለቱ አንድ መስመር ስለሚጋሩ ከአንዱ ወደ ሌላው በተሻገርን ቁጥር ውድ ቀለም ታጥቦ ይፈስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ካኖን ፕሮ 1000 እና በ2020 የወጣው ኤፕሰን ፒ 900 ለሁለቱም የየራሳቸውን ቦታ ሰጥተዋቸዋል። ፕሪንተር የሚገዛ ሰው ይህን ሳይጠይቅ አይግዛ።

የጥቁር ጥልቀት በቁጥር ይለካል። ከጥጥ በተሠራ በማያብረቀርቅ ደኅና ወረቀት ላይ ጥቁሩ 1.6 ገደማ ይደርሳል፤ ይህ ማለት ካረፈበት መቶ እጅ ብርሃን ሁለት ከግማሽ ያህሉን መልሶ ይሰጣል ማለት ነው። ባራይታ በሚባለው፣ የድሮውን ፎቶግራፍ ወረቀት በሚመስለው አንጸባራቂ ወረቀት ላይ 2.3 ሊደርስ ይችላል፤ ያኔ የሚመልሰው ግማሽ እጅ ብቻ ነው። እንግዲህ ጥልቁ ጥቁር ይሻላል ያሰኛል። እኔም መጀመሪያ የናሙና ሥዕሎቹን ጎን ለጎን ስዘረጋ ዓይኔ የሄደው ወደ ባራይታው ነበር። ቀሚሷ ከሰል መሰለ፤ ነጠላዋ አበራ።

ከዚያ አንገቷን በማጉያ መነጽር አየሁት። በባራይታው ላይ፣ ፋብሪካው ባዘጋጀው ስልት፣ ንቅሳቱ በብርሃኑ ወገን በግልጽ ይታይና ወደ ጥላው ሲገባ ይሰጥማል። ከጥጥ በተሠራው ወረቀት ላይ፣ በካርቦን ጥቁሮች ብቻ የታተመው ደግሞ ቀሚሱ ያን ያህል ጥልቅ አልሆነም፤ ንቅሳቱ ግን ጥላው ውስጥ ገብቶም ይቆጠር ነበር። ምክንያቱ ምትሃት አይደለም። ጥቁሮቹን ሁሉ በኳድ ቶን ሪፕ ለየብቻ ማዘዝ ስለቻልኩ፣ ከነጭ እስከ ጥቁር 21 እርከን ያለበት መሰላል እያተምኩ፣ እያንዳንዱ እርከን ከጎረቤቱ እኩል እስኪራራቅ ድረስ አስተካክዬ ነበር። ባራይታውም እንዲህ ቢደከምለት ያሳይ ነበር። የተማርኩት ነገር ይህ ነው፦ ጥቁሩ ምን ያህል ጠቆረ ብሎ መጠየቅ ለቀሚስ ይበቃል፤ ለጠይም ፊት ግን ከጥቁሩ በፊት ስንት ጥቁር አለ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ብርሃን ላይ ያለ ፊት ሁሉ በማንኛውም ቀለም ያምራል። የእኛ ሰዎች ፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው ከመካከሉ ወደ ጥላው ወገን ነው፤ ሰነፍ ፕሪንተር ደግሞ ጠቅልሎ አንድ የሚያደርገው ያንኑ ወገን ነው።

የወሰነልኝ ሌላ ነገርም አለ። ስድስቱ ሥዕሎች የሚሰቀሉት በስድስት ቤት ነው። አንዱ በዋሽንግተን አምፖል ሥር፣ አንዱ በጀርመን የክረምት ደብዛዛ ብርሃን፣ አንዱ በዱባይ፣ የቀሩት በአዲስ አበባ ፀሐይ። እኔ ያንን ብርሃን ሁሉ ልቆጣጠር አልችልም። በየትኛውም ብርሃን መልኩን የማይለውጥ፣ መስኮት አጠገብ ቢሰቀል የማይለቅ ቀለም ያስፈልገኝ ነበር። ያ ቀለም ጥቀርሻ ነው።

* * *

ስለ አገራችን አየር ጥቂት ልበል፤ በውጭ የተጻፉ መመሪያዎች ይህን አያውቁትምና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ በበጋ አየሩ ይደርቃል፤ አቧራውም አይጣል ነው። ፒግመንት ደግሞ ሲደርቅ ይጋገራል፤ የፕሪንተሩ ራስ ላይ ያሉት ከፀጉር የቀጠኑ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። ከሁሉ የከፋው በማተም ላይ እያለ መብራት ሲጠፋ ነው፤ ራሱ ወደ ማረፊያው ሳይመለስ፣ ሳይከደን፣ አፉን ከፍቶ ይቀራል። ስለዚህ ባትሪ ያለው የኃይል መጠባበቂያ ሳይዝ ማንም አይጀምር። ፕሪንተሩን ጨርቅ ያልብሱት፤ በበጋ አጠገቡ አንድ ሳህን ውኃ ያስቀምጡ፤ የሚታተም ነገር ባይኖር እንኳ በሳምንት አንድ ጊዜ ቀዳዳዎቹን የሚፈትን ገጽ ያውጡ።

በካኖን ፕሮ 1000 ላይ የተደፈነውን ራስ ባለቤቱ ራሱ አውጥቶ ሊለውጠው ይችላል፤ ጥገና በማይገኝበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የኤፕሰን ራስ እንዲህ አይወጣም፤ በአንጻሩ ጠብታዋን በሙቀት አፍልቶ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ጨምቆ ስለሚያወጣ፣ የካርቦን ቀለም አዘጋጆቹ በአብዛኛው ከጥንት የሠሩት ለእሱ ነው። የቀለሙም መጠን ይታሰብ። በአሮጌው አር 2400 አንዱ ካርትሪጅ 15 ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም ነበር፤ በፒ 900 50፣ በፕሮ 1000 ደግሞ 80 ሚሊ ሊትር ነው። ቀለሙ ከውጭ በመንገደኛ ሻንጣ ለሚመጣለት ሰው ይህ ልዩነት የአንድ ዓመት ሥራ ነው። እኔ ከሰው የተገዛ አሮጌ ኤፕሰን ይዤ፣ በሚሞላ ካርትሪጅ የካርቦን ጥቁሮችን ጨምሬበት ሠራሁ። ባለ ቀለም ሥዕል ከእንግዲህ አያትምም፤ ለአንድ ሥራ የመነኮሰ ፕሪንተር ሆኗል።

ስድስቱን ሥዕሎች አትሜ በየሰው እጅ ላክኋቸው። እኅቴ ደወለች። መጀመሪያ ምንም አላለችም፤ በስልኩ ውስጥ ትንፋሿን ብቻ እሰማ ነበር። ከዚያ «አራት ነው» አለች። «ምኑ?» አልኳት። «ረድፉ ነዋ! እኔ አራት ነው ስል እናንተ ሦስት ነው ስትሉኝ አልነበር?» አለች። እውነቷን ነበር። አራተኛው ረድፍ ከሁሉ ዝቅ ብሎ፣ ከነጠላው ጫፍ ሥር፣ ጥላው በጠናበት ቦታ ነበረ። እናታችን እንጀራ ስትጋግር አጠገቧ ተቀምጣ የቆጠረችው ታላቂቱ ልጅ ብቻ ስለነበረች ታስታውሰዋለች። የቀረነው ስንወለድ ያ አንገት በነጠላና በዕድሜ ተሸፍኖ ነበር።

ንቅሳት በምን እንደሚነቀስ የማታውቁ ካላችሁ፣ ከቅጠል ጭማቂ ጋር የተለወሰ ጥቀርሻ በመርፌ ከቆዳ ሥር ይገባል። የነቀሷት ሴት ጥቀርሻ ተጠቀመች፤ እኔም ያንኑ ጥቀርሻ በጥጥ ወረቀት ላይ መለስኩት። ከእሷ የበለጠ ሥራ የሠራሁ አይመስለኝም።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ በቤትዎ ሣጥን ውስጥ አንዲት እንዲህ ያለች ፎቶግራፍ ካለች ዛሬ ነገ ሳይሉ በደኅና ስካነር ያስገልብጧት፤ ዋናዋን በጨለማና በደረቅ ስፍራ ያስቀምጧት። ፋይል አለ ብለው ግን አይዘናጉ፤ ፋይል የሚከፍተው ይፈልጋል፤ ወረቀት ግን ዓይን ይበቃዋል። ልታስትሙ ወደ ፎቶግራፍ ቤት የምትሄዱም ብትሆኑ፣ ፕሪንተር የምትገዙም ብትሆኑ፣ ሻጩ ስንት ቀለም እንዳለው ሲነግራችሁ በትዕግሥት አዳምጡትና ጥቁሩ ስንት እንደሆነ ጠይቁት። ቀጥላችሁም ከምን እንደተሠራ። መልስ ካለው ሥዕላችሁን ስጡት፤ ከሌለው እናታችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።